የሳሎኑ ተክልም አማና ነው



የዛሬው ጽሑፋችን በየሳሎናችን ጥግ፣ በመስኮት ሥርና በደረጃ መውጫ ላይ ስለምናስቀምጠው፣ ሼፍሌራ ስለሚባለው ተክል ነው። ርእሱ ለአንዳንዶች ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁንና በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በቤቱ ሰዎች ኃላፊነት ሥር ነው። አንደበት የሌለው ፍጡር «ጠማኝ» ወይም «በዛብኝ» ስለማይል ደግሞ ተንከባካቢው አስተዋይ መሆን ይኖርበታል። ማስተዋል ሲጎድል ምን እንደሚከተል በገዛ ቤታችን ያየሁትን ላውጋችሁ።

አባቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ወደ አኼራ ከመሄዱ ከሦስት ዓመት በፊት ከችግኝ ሻጮች አንድ ሼፍሌራ ገዝቶ፣ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ቤት ገባ። ቁመቱ ያን ጊዜ ከጉልበት አይበልጥም ነበር። ከሳሎኑ መስኮት አጠገብ አስቀመጠው፤ ውሃውንም አቧራውንም ራሱ ይከታተል ነበር። እርሱ ካለፈ በኋላ ተክሉ በእናቴ እጅ ቀረ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ውዱእ የምታደርገው ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከፊቷ ሳፋ ተደርጎላት ነው። ውሃ ማባከን ደግሞ አትወድም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውዱእ በኋላ በሳፋው የተጠራቀመውን ውሃ ለአባቴ ተክል ታጠጣዋለች። ሱብሒ፣ ዙህር፣ ዐስር፣ መግሪብ፣ ዒሻ፤ በቀን አምስት ጊዜ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ምንም አልታየም። ኅዳር ሲገባ ግን የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ፤ ቀጥሎም ጫፋቸው ጠቆረ፤ በመጨረሻም ነካ ሲያደርጓቸው እየተቀነጠሱ ምንጣፉ ላይ ይወድቁ ጀመር። ጎረቤት «ዐይን ነው» አለ። ዘመድ «ባለቤቱን ናፍቆ ነው» አለ። እኔ ደግሞ፣ የተማርኩ ነኝ ባዩ፣ «ጠምቶት ይሆናል» ብዬ ማታ ማታ አንድ ጣሳ ውሃ እጨምርለት ጀመር። ሁላችንም እንወደው ነበር፤ ሁላችንም እየገደልነው ነበር።

በሠፈራችን መስጊድ ግቢ ያለውን አትክልት የሚንከባከቡ አንድ አዛውንት ሐጂ አሉ። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ለመንኳቸውና እቤት መጡ። ብዙም አልጠየቁ። ጣታቸውን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ሰደዱ፤ አውጥተውም አሸተቱት።

«ልጄ፣ ይኼ ተክል አልጠማውም፤ ሰምጧል» አሉኝ።

ተክሉን እንወቀው

በቤታችን የምናሳድገው ትንሹ ሼፍሌራ በሳይንሳዊ ስሙ ሼፍሌራ አርቦሪኮላ ይባላል። የትውልድ አገሩ ታይዋንና በቻይና ደቡብ የምትገኘው የሃይናን ደሴት ናቸው። ትልቁ ዘመዱ ደግሞ ከሰሜን አውስትራሊያና ከኒው ጊኒ የመጣ ሲሆን፣ በትውልድ አገሩ እስከ 15 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ነው። ከአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰባት፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ትንንሽ ቅጠሎች እንደተዘረጋ ዣንጥላ ክብ ሠርተው ስለሚወጡ በብዙ አገሮች «የዣንጥላ ተክል» ይሉታል። ሼፍሌራ የሚለው ስም የተሰጠው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዳንዚግ ከተማ ይኖር ለነበረው ሐኪምና የእጽዋት ተመራማሪ ለሼፍለር መታሰቢያ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ተመራማሪዎች የእስያዎቹን ዝርያዎች ሄፕታፕሉረም ወደሚባል ስም አዛውረዋቸዋል። ሻጩም ገዢውም ግን እስከ ዛሬ ሼፍሌራ ነው የሚሉት።

ይህ ተክል ለአገራችን ፍጹም ባዕድ አይደለም። በኦሮምኛ ገተማ የሚባለው የደጋ ዛፋችን የዚሁ ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ሼፍሌራ አቢሲኒካ በሚል ስም ሲታወቅ ቆይቷል። በሸካ፣ በከፋና በጅማ ደኖች ውስጥ ይበቅላል፤ ብዙ ጊዜም ሕይወቱን የሚጀምረው በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ንቦች ከአበባው የሚሠሩት ማር ነጭ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል ከንብ ሆድ ቀለሙ የተለያየ፣ ለሰዎችም መድኃኒት ያለበት መጠጥ እንደሚወጣ ነግሮናል። ያን ነጭ ማር የቀመሰ ሰው የሳሎኑን ተክል በሌላ ዐይን ሊያየው ይገባል፤ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና።

ውሃ በልክ

ሥር የሚጠጣ ብቻ ሳይሆን የሚተነፍስም ነገር ነው። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባሉት ትንንሽ ክፍተቶች አየር ይገባል፤ ሥሩም ከዚያ ኦክሲጅን ያገኛል። ክፍተቶቹ ሁልጊዜ በውሃ ከተሞሉ ግን ሥሩ ይታፈናል፤ ይሞታል፤ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ልክ እንደጠማው ተክል ይጠወልጋል። እኔን ያሳሳተኝ ይህ ነው። የሰመጠው ተክል የተጠማ ይመስላል፤ ሰውም ይጨምርለታል።

ሐጂ ያስተማሩን ዘዴ ቀላል ነው። ከማጠጣት በፊት ጣትን ወደ አፈሩ ማስገባት። ከላይ ያለው ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ያህል አፈር ደርቆ ከተገኘ ይጠጣል፤ እርጥብ ከሆነ ይቆይ። ሲጠጣ ደግሞ ትርፉ ውሃ ከሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ይጠጣና፣ በሥሩ ባለው ሰሐን የተጠራቀመው ይደፋ። በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ግድም ሊበቃው ይችላል፤ በክረምት ብርሃኑ ስለሚያንስና አየሩ ስለሚረጥብ ከዚያም ይቀንሳል። የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ጣት ይፍረድ። ውሃው ሲበዛም ሲያንስም ቅጠል ስለሚረግፍ፣ አፈሩን ሳይዳስሱ በቅጠሉ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

እናቴ ይህን ስትሰማ ከፋት። «ታዲያ ውሃውን ልድፋው?» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አዕራፍ ቁጥር 31 መብላትና መጠጣትን ፈቅዶ ማባከንን ከልክሏል። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ደግሞ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ነግረውናል። ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው ሁለት እጆች ተገጣጥመው የሚይዙት ያህል፣ ከአንድ ሊትር የሚያንስ መጠን ነው። እንግዲህ ትምህርቱ ሁለት ፊት አለው። ውሃን መሬት ላይ በከንቱ ማፍሰስ ብክነት ነው፤ በማይፈልገው ተክል ላይ ማፍሰስም ብክነት ነው፤ ተክሉንም ጨምሮ ያጠፋልና።

መፍትሔው አላስቸገረም። በረንዳው ላይ አንድ ባልዲ አስቀመጥን። የእናቴ የውዱእ ውሃ እዚያ ይጠራቀማል፤ ከዚያም በግቢው ላሉት ለናናው፣ ለጤና አዳሙና ለጎመኑ ይከፋፈላል። ሼፍሌራው ከባልዲው ድርሻውን የሚያገኘው ጣት ሲፈቅድ ብቻ ነው።

አፈር፣ ብርሃንና ሙቀት

ሐጂ ያን ዕለት ተክሉን ከነአፈሩ አወጡት። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ አልነበረውም። ግማሹ ሥር ቡናማ ሆኖ በጣት ሲጫኑት ይፈርስ ነበር፤ ሽታውም የረጋ ውሃ ሽታ ነው። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆርጠው ጣሉ፤ ነጭና ጠንካራ የሆነውን አስቀሩ። ከዚያም ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ውስጥ በአዲስ አፈር ተከሉት። ጥቁር አፈር ብቻውን ውሃ ስለሚይዝ ጥሩ አይደለም። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቢደባለቅ ውሃው ያልፋል፤ አየሩም ይገባል። ማሰሮው ከሥሩ ብዙ የሰፋ መሆን የለበትም፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቆያልና። ጤነኛ ተክል በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ግድም ማሰሮ ቢቀየርለት ይበቃዋል።

ሼፍሌራ ደማቅ ብርሃን ይወዳል፤ በመስታወት አልፎ የሚመጣ የቀትር ፀሐይ ግን ቅጠሉን ያቃጥለዋል። በስስ መጋረጃ የተጣራ ብርሃን የሚያገኝበት መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ የተሻለ ነው። ቅጠሉ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ዓይነት ከሁሉም አረንጓዴው ይበልጥ ብርሃን ይፈልጋል። ግንዱ ወደ መስኮቱ እንዳይጎብጥ በየሳምንቱ ማሰሮውን ሩብ ዙር ማዞር ይጠቅማል። ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ስለሚጎዳ፣ በደጋ ከተሞች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከበረንዳና ከቀዝቃዛ መስታወት ማራቅ ያስፈልጋል።

ቅጠሉን በየሁለት ሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ አቧራውን ከማስወገድ ሌላ ተባይን ቶሎ ለማየት ይረዳል። ቅጠሉ ወይም ወለሉ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ከቅጠሉ ጀርባና ከግንዱ ላይ የተለጠፉ ቡናማ ቅርፊት መሰል ወይም ጥጥ የመሰሉ ነጫጭ ተባዮችን ፈልጉ። በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና በተነካ ውሃ ጠርጎ ማውረድና በየሳምንቱ መደጋገም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

«የቤት ውስጥ ተክል አየር ያጸዳል» የሚባለውም ተጋንኗል። አባባሉ የተስፋፋው በፈረንጆች 1989 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በተዘጉ ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ካካሄደው ጥናት በኋላ ነው። በ2019 የታተመ ግምገማ ግን፣ ተክሎች የተለመደውን የቤት አየር ዝውውር ያህል እንዲያጸዱ በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። ስለሆነም ለአየሩ መስኮት ክፈቱ፤ ተክሉን ደግሞ ለውበቱና ለልጆች ትምህርትነቱ ያዙት።

መከርከም ጭካኔ አይደለም

ሐጂ ያን ዕለት ቅርንጫፉን አልነኩትም። «ሥሩን ዛሬ፣ ቅርንጫፉን መጋቢት ላይ» ብለው ሄዱ። በብርድ ወራት ተክል ስለማያድግ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም። በደጋው የአገራችን ክፍል ለመከርከም ጥሩው ጊዜ ሌሊቱ ሞቅ ማለት ከሚጀምርበት ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ያለው ነው። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ጊዜው ሰፊ ነው።

መጋቢት ደረሰ፤ ሐጂም መጡ። ተክሉ አልሞተም፤ ነገር ግን ቁመቱ ከሰው ትከሻ የሚደርስ፣ ከታች ራቁቱን የቀረ፣ ከላይ ብቻ ጥቂት ቅጠል የያዘ ቀጭን ዘንግ ሆኗል። መቀሱን ሳመጣ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ከአባትህ እጅ የቀረውን ነገር በመቀስ ትቆርጠዋለህ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ሐጂ ግን ረጋ ብለው፣ «እኅቴ፣ እርሱ የተከለው ሥሩን ነው፤ ሥሩ ደግሞ አለ። ይኼ ቁመት ብርሃን ፍለጋ የመጣ ነው። የሚቆረጠውም አይጣልም፤ ለልጆችሽ ይደርሳል» አሏት።

እናቴ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም እጇን ዘረጋችና መቀሱን ተቀበለችኝ። «ቢስሚላህ» ብላ የመጀመሪያውን ራሷ ቆረጠችው።

መከርከም ለምን ይጠቅማል? የግንዱ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን ወደ ታች እየወረደ በየአንጓው የተኙት ቡቃያዎች እንዳይነቁ ያደርጋል። ጫፉ ሲቆረጥ ያ ትእዛዝ ይቋረጣል፤ ከቁርጡ በታች ያሉት ቡቃያዎችም ይነቃሉ። ተክሉ ወደ ላይ ብቻ መሮጡን ትቶ ወደ ጎን ይሰፋል። አከራከሙም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለታም መቀስ ይዘጋጅ። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ወይም በውሃ በቀጠነ በረኪና ታጥቦ ይድረቅ፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በሽታ እንዳያስተላልፍ።

2ኛ. ጓንት ይደረግ፤ ጓንት ከሌለ እጅ ወዲያው ይታጠብ። የተክሉ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል።

3ኛ. በመጀመሪያ የደረቀው፣ የተሰበረውና እርስ በርሱ የተጠላለፈው ይወገድ።

4ኛ. ጤነኛው ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከአንጓው በላይ፣ ከአንድ ሴንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት ይቆረጥ። አንጓ ማለት ቅጠሉ ከግንዱ የሚወጣበት ወይም ቀድሞ የወጣበት ጠባሳ ነው። ከአንጓው በጣም ርቆ የተቆረጠ ጉቶ ይደርቃል።

5ኛ. በአንድ ጊዜ ከተክሉ ከሲሶ በላይ አይቆረጥ። እንደ እኛ ቤቱ ራቁቱን የቀረ ግንድ ግን ሥሩ ከዳነ በኋላ ከአፈሩ 30 ሴንቲሜትር ያህል እስኪቀር ድረስ ሊወርድ ይችላል።

6ኛ. ከተከረከመ በኋላ ውሃው ይቀነስ፤ ቅጠሉ የቀነሰ ተክል የሚጠጣውም ይቀንሳልና። ማዳበሪያ ከሆነም አዲስ ቡቃያ እስኪታይ ይቆይ።

የኛው ተክል አንድ ወር ሙሉ ባዶ ጉቶ ሆኖ ቆመ። እናቴ በየቀኑ ታየዋለች፤ አትናገርም። እኔም እፈራ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ከሦስት አንጓ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ አረንጓዴ ነጥቦች ብቅ አሉ። በመጀመሪያ ያየቻት እናቴ ናት። «ና እይ!» ብላ የጠራችኝን ድምፅ አልረሳውም።

ቁራጩ አይጣል

ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ አዲስ ተክል ሊሆን ይችላል። የታችኞቹ ቅጠሎች ተነሥተው ከላይ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይቀሩለታል። እርጥበት ባለው የአሸዋና የብስባሽ ድብልቅ ውስጥ ከነአንጓው ይተከላል፤ እርጥበቱ እንዳይተን በነጭ ፌስታል ይሸፈናል፤ ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ይቀመጣል። ሥር ለማውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጅበታል። ሁሉም አይዙም። እኛ አምስት ተክለን ሁለቱ በሰበሱ፤ ሦስቱ አልሐምዱሊላህ ያዙ። አንዱ ደሴ ላለችው እኅቴ፣ አንዱ ለወንድሜ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛው ለመስጊዱ ቢሮ ሆነ።

ለልጆችና ለእንስሳት ጥንቃቄ

ሼፍሌራ የሚበላ ተክል አይደለም። በቅጠሉና በግንዱ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባሉ መርፌ መሰል ጥቃቅን ክሪስታሎች ስላሉ ሲታኘክ አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ምራቅ ያበዛል፤ ያስመልሳል። ድመትና ውሻንም ይጎዳል። ስለዚህ የሚድህ ሕፃን ባለበት ቤት ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ፤ የረገፈውም ቅጠል ወዲያው ይነሣ። ልጅ ካኘከው አፉ በውሃ ይታጠብ፤ እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

በመጨረሻም

ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሌላ ሐዲስ፣ አንድ ሙስሊም ተክሎ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የተመገበለት ነገር ሁሉ ሰደቃ እንደሚሆንለት ተነግሮናል። የሳሎኑ ሼፍሌራ ፍሬ አይበላለትም። ነገር ግን ልጆቻችን መንከባከብን በእርሱ ሊለማመዱ ይችላሉ። ከማድረግ በፊት ማየትን፣ ከመስጠት በፊት ልክን ማወቅን፣ አስፈላጊ ሲሆንም መቁረጥን። እስቲ በያላችሁበት የቤታችሁን ተክል ለአንድ ልጅ በአማና ስጡትና፣ በየቀኑ ጣቱን አፈሩ ውስጥ አስገብቶ ለእናቱ ወይም ለአባቱ እንዲነግር አድርጉ። ያ ልጅ ነገ የሚንከባከባቸው ሰዎች ይኖሩታል። በፍቅር ብዛት ሳያዩ ማድረግ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከአሁኑ ይወቅ።

የአባቴ ሼፍሌራ ዛሬ ከወገብ አይበልጥም፤ ግን ከግራና ከቀኝ ሞልቷል። እናቴ ከውዱእ በኋላ ሳፋውን ይዛ ወደ እርሱ መጠጋቷን አልተወችም። አስቀድማ ግን ጣቷን አፈሩ ውስጥ ታስገባለች። እርጥብ ከሆነ «ዛሬ ጠግቧል» ትለኛለች፤ እኔም ሳፋውን ተቀብያት ወደ ናናው እወስደዋለሁ።

አላህ የተሰጠንን አማና በልኩ የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።